አንድ ለሃያ አራት

ባሌ ቭላይኮ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
በክራጉየቫጽ፣ በፋብሪካው ቀለም ቤት
ኮፈን ሲቀባ፣ በር ሲቀባ ኖሮ፣
ጡረታ ሲወጣ፣ "ተገላገልኩ ዘንድሮ፣
የቀለም ሽታ በቃኝ" ብዬ ነበር እኔ።
ሳምንት ሳይሞላው፣ ምን አየሁ በዓይኔ!
ያን ሁሉ ፋብሪካ፣ ለሃያ አራት አካፍሎ
መጣ፣ በካርቶን ጠቅልሎ፤
ክብሪት የሚያህል በር፣
ሳንቲም የሚያህል ጎማ፣
ቀለበት የሚያህል መሪ።

ከዚያን ቀን ወዲያ፣ ጠረጴዛው የኔ አይደለም፤
ግማሹ ማስቲሽ ነው፣ ግማሹ ቀለም።
በአንድ ጠርዝ ተጠግቼ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣
አስነጥሼ እንደሆን፣ እወቀሳለሁ።
የቅንድብ መንቀያዬ፣ ሙጫ ውጦት ደርቆ፣
ከጥፍር ቀለሜ ጋር፣ በሱ ሣጥን ተደብቆ
አገኘሁት ኋላ።
የጆሮ ጌጤንም፣ ሦስት ቀን ስፈልገው
ለካ የፊት መብራት፣ አርጎ ሰክቶት ነው!
"ምን ነካህ?" ብለው፣ ዓይኑን ሳያነሳ፦
"ስታና፣ አትተንፍሺ፣ ብናኝ እንዳይነሳ።"

የሰው ባል ይጠጣል፣ የሰው ባል ይዞራል፣
የኔው ሪዙ ሸብቶ፣ መኪና ይሠራል።

እውነት ለመናገር ግን፣ እጁን ሳይ እረጋለሁ።
መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሾርባ ሲጠጣ አያለሁ።
ብሩሹን ሲጨብጥ፣ ያ ጣት ጸጥ ይላል፣
መምህር ድንገት እንደገባበት፣ እንደሚንጫጫ ክፍል።
ያጥባል፣ ይሞርዳል፣ ይቀባል በስሱ፤
እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ይደግማል በስሱ።
"የቸኮለ ቀለም፣ ኋላ ያለቅሳል"
ይላል፤ ይህን ሲል፣ እኔን ማየት ይወዳል።

የፖስተኛው ቢጫ፣ የሐኪሟ ጥቁር፣
ቁም ሣጥኑን ሞሉት፤ አቧራ በጠረግሁ ቁጥር
አንድ መስታወት ይረግፋል፣
አንድ ጠብ ይጫራል።

ዘንድሮ በረዶው፣ በሌፔኒጻ ዳር ሲከመር
ከኔ የሚሸሽገው፣ አንድ ሥራ ጀመር።
ስገባ፣ በድስት ክዳን፣ ክድን ያደርገዋል፤
ስወጣ፣ ጭር ጭር፣ ሞረዱ ይሰማል።
ትናንት ማታ ክዳኑን፣ ራሱ አነሳልኝ።

ፊቻ!
ወተት የምትመስለው፣ የኛዋ ትንሽ ፊቻ፣
አራት ዓመት ወረፋ፣ ጠብቀን ያገኘናት፣
ገንዘብ ጠዋት ወረቀት፣ ማታ ጭድ በሆነበት
በዚያ ክፉ ዘመን፣ በሁለት ጆንያ ዱቄት፣
በአንድ ጀሪካን ዘይት፣
ለባዕድ ሰው የሸጥናት።
የፕሪም ሣጥኗ እንኳ፣ ጣራዋ ላይ አርፎ፤
የልጃችን ብርድ ልብስ፣ ከኋላዋ ተወትፎ
(ከቀደደብኝ ካልሲ፣ በመርፌ ተጠልፎ)።
መዳፌ ላይ አስቀምጬ፣ ቀስ ብዬ አዞርኋት፤
ከቀኝ ፓራፋንጎዋ ስደርስ፣ እጄ ቀጥ አለባት።

ገብስ የምታህል ስርጉድ።

የዛሬ አርባ አራት ዓመት፣ ሌሊት ፈረቃ ገብቶ፣
ቁልፉ ከምስማሩ፣ ዓይን ዓይኔን አይቶ፣
ብቻዬን ልለምድ ብዬ፣ ወደ ኋላ ስነዳ
ጓ! አለ የበሩ ምሰሶ። ወይ ዕዳ!
ሲነጋ፣ "የወተት ካሚዮን፣ ዞር ሲል ገጫት" አልኩት።
በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ጎንበስ አለ፤ አየሁት፤
"ካሚዮን ከሆነማ፣ ምን ይደረጋል" ብሎ
ተኛ። ነገሩም በዚያው ተኛ፣ ዘመን ተከናንቦ።

አሁን ግን መነጽሬን፣ አድርጌ ሳስተውል
ከስርጉዷ ሆድ ውስጥ፣ አንዲት ነጥብ፣
በአንድ ጸጉር ብሩሽ ብቻ የተነካች፣
አረንጓዴ።
የወተት ካሚዮን ነጭ ነው። አረንጓዴ በር
የነበረው የኛ ግቢ፤ የቀባውም እሱ ነበር፣
ከፋብሪካው በጣሳ፣ ቀለሙን አምጥቶ።
ውሸቴም፣ እነሆ፣ ለሃያ አራት ተካፍሎ፤
አንድም ቅንጣት ሳይጎድል።

ቀና ብዬ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል፣
ብሩሾቹን አንድ በአንድ፣ በአኳራጅ ያጥባል።
"የካሚዮኑ ቀለም" አለኝ፣ "ልኩን መጥቶልኛል?"

ከመብራቱ አስጠጋኋት፤
አገላብጬ አየሁ፤ ጊዜ ወሰድኩበት።
"አረንጓዴው" አልኩት፣
"ትንሽ ያንሳል" አልኩት።